ቤት ልቀቁ ለተባላችሁ የአየርላንድ ሀበሾች፣ ስለ አንድ ቲዲ (የፓርላማ አባል) እና ስለ ቢሮው ጸሀፊ ምስጋና

ሰላም ሰላም አየርላንድ ያላችሁ ወገኖቼ። ይሄን ፖስት ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ናይት ሺፍት እየገባሁ ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈው፣ ውለታ ቢስ እንዳልባል ዛሬ ልጆቹን አስተኝቼ ቁጭ ብያለሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉና አንብቡት።

ኤፕሪል 2023 ላይ ከስራ ስገባ በር ስር ደብዳቤ አገኘሁ፣ አከራያችን ቤቱን ሊሸጠው ስለሆነ በሶስት ወር ውጡ ይላል። ከ2019 ጀምሮ እዛው ነን፣ ትንሿ ልጄ እዛው ቤት ነው የተወለደችው፣ ሀፕ ላይ ነን (ለማታውቁት፣ ካውንስሉ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ለአከራዩ ይከፍላል፣ እኛ ደግሞ እንደገቢያችን በየሳምንቱ ለካውንስሉ እንከፍላለን)። ያ ጊዜ ደግሞ ትዝ ካላችሁ ክፉ ሰዓት ነበር። መንግስት ከኦክቶበር 30፣ 2022 ጀምሮ በክረምቱ ተከራይ አይባረርም ብሎ ቆይቶ ማርች 31 ላይ አበቃ፣ ይራዘም ብለው ተቃዋሚዎች ዶል ውስጥ (የታችኛው ፓርላማ ማለት ነው) ቢሟገቱም መንግስት በ83 ለ68 ድምፅ አሸነፈ። ኒሳ ሁሪጋን የምትባል የግሪን ፓርቲ ቲዲ ከራሷ መንግስት ተቃራኒ ድምፅ ሰጥታ ፓርቲዋ 15 ወር እንዳገዳት ታስታውሳላችሁ። እኔ ያንን ሁሉ በስልኬ የማየው እንደ ድራማ ነበር፣ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎኝ፣ ወር ሳይሞላ ደብዳቤው እኔ በር ስር ገባ።

ዳፍት የሚባለው የቤት ማስታወቂያ ሳይት ላይ ቤት ማየት ጀመርኩ፣ ዋጋው ልብ ያደርቃል፣ ሶስት ልጅ አለኝ ስል ደግሞ መልስ የሚባል ነገር የለም። የኛው ሰው የሆነ አንድ ደግሞ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) ወረቀቱን እኔ አስጨርስልሻለሁ 200 ዩሮ አምጪ አለኝ። እንቅልፍ አጥቼ ስራ ቦታ ስፈዝዝ ያየችኝ አይሪሽ ጓደኛዬ ናት "ቲዲሽ ጋ ለምን አትሄጂም" ያለችኝ። ሳቅኩባት። ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ እየተባለ ያደገ ሰው የፓርላማ አባል ቢሮ ሰተት ብሎ ይገባል? እኛ ሀገር ቀበሌ ማህተም ለማስመታት እንኳን ስንት ቀን ነው ደጅ የሚጠናው። ደግሞ ዜግነት የለኝም፣ ለዶል ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው የአየርላንድ ወይ የእንግሊዝ ዜጋ ነው፣ ታዲያ ለማይመርጠው ሰው ምን ብሎ ይለፋል ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ሄድኩ፣ የቲዲውን ስምና ፓርቲ ግን እዚህ አልጽፍም፣ አንደኛ የቢሮው ጸሀፊ ራሷ "ስማችንን ባትጠሪው ይሻላል" ብላኛለች፣ ሁለተኛ እናንተን አውቃችኋለሁ ኮመንት ላይ ፖለቲካ ትጀምራላችሁ። በዛ በ83 ለ68ቱ ቀን የቱ ጋ እንደነበረም አትጠይቁኝ። የፈለገ ኢንቦክስ።

ክሊኒክ ይሉታል፣ እኔ የሀኪም ቤት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ቲዲው የአካባቢውን ሰው ተራ በተራ የሚያናግርበት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ቢሮው ከቺፐር ቤት (ጥብስ ድንች መሸጫ) በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ ደረጃው ላይ የድንች ሽታ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ስለ መንገድ ጉድጓድ ሊያወሩ መጥተዋል፣ አንዲት ሴት የእናቷ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ አንዲት ደግሞ ኦቲዝም ላለበት ልጇ ትምህርት ቤት አጥታ። ያኔ ነው ትንሽ የተረጋጋሁት፣ ለካ እነሱም ደጅ ይጠናሉ አልኩ፣ ልዩነቱ ወንበርና ሻይ መኖሩ ነው።

ጸሀፊዋ ገና ስገባ የጠየቀችኝ አድራሻዬን ብቻ ነው። ፓስፖርትሽ የት ነው፣ ትመርጫለሽ ወይ፣ ምንም የለም። እኔው ነኝ ቀድሜ "ድምፅ የለኝም እኮ" ያልኳት፣ ቀና ብላ አየችኝና "እዚህ ትኖሪያለሽ አይደል" አለች፣ በቃ። ከዛ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችውና ይሄ አይሰራም አለችኝ። ከአንድ እስከ ሰባት ዓመት የተቀመጠ ተከራይ 180 ቀን ይሰጠዋል እንጂ ሶስት ወር አይደለም፣ ለሽያጭ ከሆነ ደግሞ አከራዩ በህግ ፊት የማለበት ወረቀት አብሮ መኖር አለበት፣ ኮፒውም በዛኑ ቀን አር ቲ ቢ ለሚባለው የኪራይ ቦርድ መላክ አለበት። አንዱም አልተሟላም። ይሄን ሁሉ ለማያውቅ ለዛ የ200 ዩሮ ሰውዬ ነበር ልከፍል የነበረው።

ቲዲው ከጎን ክፍል ወጥቶ መጣ፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ ሻዩ በእጁ። የወደድኩለት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ቃል አልገባም። "ቤት ልሰጥሽ አልችልም፣ ወረፋም አላስዘልልሽም፣ መጻፍና መጠየቅ ግን እችላለሁ" ነው ያለኝ። ደግሞም ቶሎ ደስ እንዳይለኝ አስጠነቀቀኝ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው ስሙኝ፦ ቴናንት ኢን ሲቱ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሀፕ ላይ ያለ ተከራይ ቤቱ ሊሸጥበት ሲል ካውንስሉ ራሱ ቤቱን ገዝቶ ተከራዩን እዛው ያስቀምጠዋል፣ ክልከላው ሲያልቅ መንግስት ማካካሻ ብሎ በ2023 ውስጥ 1,500 ቤት ይገዛል ያለበት ነው። ግን ካውንስሉ ፋይል የሚከፍተው ትክክለኛ የማስለቀቂያ ደብዳቤ ካለ ነው! ስለዚህ የተበላሸው ደብዳቤ ጊዜ ይገዛልኛል እንጂ ቤት አይገዛልኝም። ጸሀፊዋ ለአከራዩ በጨዋ ቋንቋ ጻፈችለት፣ እሱም እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደለም፣ አላወቀም ነበር፣ ህጉን ጠብቆ አዲስ ደብዳቤ ሰጠኝና ለካውንስል መሸጡንም እሺ አለ። የመባረሪያ ደብዳቤዬን በደስታ የተቀበልኩ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዛ መጠበቅ። በመሀል በገና የታተመበት ፖስታ ይመጣልኝ ጀመር፣ የሀገሩ አርማ በገና አይደል፣ እናቴ በቪዲዮ አይታው "የዳዊት በገና ነው፣ አትፍሪ" አለችኝ፣ እኔም ሳላስበው ፖስታዎቹን አልጥልም አልኩ፣ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አንዱ ውስጥ ቲዲው ለቤቶች ሚኒስትሩ ያቀረበው የጽሁፍ ጥያቄና መልሱ ነበር፣ በፕሮግራሙ እኛ ካውንቲ ስንት ቤት እንደተገዛና ለምን እንደሚዘገይ የሚጠይቅ። የኔ ስም የለበትም፣ እንደዚህ ያለ ጥያቄና መልስ ሁሉም ፓርላማው ሳይት ላይ ስለሚወጣ ማንም ማየት ይችላል። አንድ ቀን ደግሞ ጸሀፊዋ ቴክስት አድርጋ ኦይራክተስ ቲቪ (የፓርላማው ቻናል) ክፈቺ አለችኝ፣ ከፈትኩ፣ ሰውዬው ቆሞ ስለሚባረሩ ቤተሰቦች ይናገራል፣ አዳራሹ ግን ግማሹ ባዶ ነው፣ አንዱ ከኋላ ስልኩን ይነካካል። ቅር አለኝ። በኋላ ሳስበው ግን ካውንስሉ የሚሰማው የፓርላማውን ጭብጨባ አይደለም፣ ሚኒስትሩ በጽሁፍ የመለሰውን ነው፣ ጸሀፊዋ ያንን መልስ አያይዛ ነበር በየወሩ የምትጽፍላቸው።

ሁሉም ነገሩ ላይ እስማማለሁ ማለት አይደለም። ስለ ጥገኝነት ጠያቂዎች ማረፊያ ሲከራከሩ አንድ እግሩን እዚህ አንድ እግሩን እዛ ነው የሚያደርገው፣ አንዴ ክሊኒክ ላይ ነገርኩት፣ ጆሮው ቀላ፣ መልሱ አላረካኝም። ቢሆንም ወረቀቴን አልጣለም። አይሪሾች ራሳቸው ቲዲ ህግ ማውጣቱን ትቶ የሰፈር ተላላኪ ሆነ ብለው ያማርራሉ፣ ኬሪ ያሉት የሂሊ ሬይ ወንድማማቾች በዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። እኔ ግን እንደዛ አልታየኝም፣ እንደኔ ያለ ሶስት አራት ሰው በአንድ ወር ካልመጣበት ሚኒስትሩን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ካውንስሉ መጥቶ ቤቱን አየ፣ መታጠቢያ ቤት ያለው ሻጋታ ይስተካከል አለ፣ ዋጋ ተገመተ፣ ጠበቆች ተጻጻፉ፣ አስራ አንድ ወር ገደማ ፈጀ። 2024 ላይ ካውንስሉ ቤቱን ገዛው፣ እኛም እዛው ቤት፣ ልጆቼም እዛው ትምህርት ቤት። ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቢሮ ወሰድኩላቸው፣ ቅቤ ቀብተው በሻይ በሉት፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ምን ይደረግ።

አሁን ለናንተ። ፍጹም ገንዘብ አይከፈልም፣ ክፈሉ ያላችሁ ካለ ሽሹ። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከሶስት እስከ አምስት ቲዲ አለው (ከ2024 ምርጫ ወዲህ በጠቅላላው 174 ናቸው፣ ህገ መንግስቱ ከ20,000 እስከ 30,000 ህዝብ አንድ ቲዲ ስለሚል የሰው ቁጥር ሲጨምር እነሱም ጨመሩ) ስለዚህ አንዱ ካልመለሰላችሁ ሌላውን ሞክሩ። ስትሄዱ የደብዳቤዎቻችሁን ኮፒ እና ቀን በቀን የተጻፈ አጭር ታሪክ ያዙ፣ እንግሊዝኛው ባያምር ግድ የለም፣ የኔም አያምርም። ደብዳቤ በደረሳችሁ ሳምንት ሂዱ፣ ሻንጣ ስትጠቀልሉ አይደለም። ቴናንት ኢን ሲቱ ደግሞ ከ2025 ወዲህ ጠበቅ ብሏል፣ የኔን አይታችሁ ያልቅልኛል ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላው፣ ለካውንስል ምርጫ ዜግነት አይጠየቅም፣ እዚህ መኖርና 18 መሙላት ብቻ ነው። ጁን 7፣ 2024 እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየርላንድ ውስጥ መረጥኩ፣ ወረቀቱ ክንድ ያክላል፣ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ በቅደም ተከተል ነው የምትሞሉት፣ ኤክስ አይደለም፣ ባሌ ተሳስቶ ሊያደርገው ሲል ነው ቀድሜ ያስጠነቀቅኩት። ቼክ ዘ ሬጅስተር የሚባለው የመራጮች መመዝገቢያ ሳይት ላይ ገብታችሁ ተመዝገቡ፣ አምስት ደቂቃ ነው።

ጸሀፊዋ አማርኛ አታነብም፣ የኔ ትልቋ ግን ይሄን ተርጉማ ልታነብላት ቅዳሜ አብራኝ ትሄዳለች። እናቴ፣ እጅሽ ይባረክ በይልኝ ብያታለሁ፣ እንዴት እንደምትተረጉመው እንጃ። ስምና ቁጥር የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ሰኞና ማክሰኞ ናይት ስለሆንኩ ብዘገይ አትቆጡ።