የእማዬን ግድግዳ ሳያፈርስ በሙቀት ካሜራ ችግሩን ላገኘልን ልጅ ምስጋና (ማርቆስና አካባቢው ላላችሁ)

ሰላም ማርቆሶች፣ የደጀን፣ የአማኑኤል፣ የፍኖተ ሰላም ሰዎችም ካላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ እዚህ የምጽፈው ሳማርር ነው፣ ዛሬ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት፣ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ።

የእማዬ መኝታ ቤት አንደኛው ግድግዳ ሦስት ክረምት ሙሉ ሲያለቅስ ነው የኖረው። ቀለሙ ይነፋል፣ ይላጣል፣ ከስሩ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፣ አልጋ ልብሷ ሳይቀር ይሸታል። ሁለት ጊዜ አስፍቀን አስቀባን። ቆርቆሮው ነው ተባለና ቆርቆሮ አስቀየርን። ከዛ ደሞ የጎረቤት አሸንዳ ነው ወደኛ የሚለቀው አልንና ከሰውየው ጋር ተጣላን፣ ሽማግሌ ሁሉ ተቀመጠ፣ እሱም "የኔ ውሃ እናንተ ጋ አይደርስም" ብሎ በማርያም ማለ፣ አላመንነውም። ሮቶው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ደሞ ተከራዮቹ ውሃ ያባክናሉ አልን። ያልከሰስነው ሰው የለም በቃ።

መስከረም ላይ አንድ ግንበኛ መጥቶ ልስኑ ከላይ እስከ ታች ይውረድ አለን፣ ዋጋውን ሲናገር እማዬ "እኔ ከነሻጋታው ልኑር" አለች። ያኔ ነው ወንድሜ ባህር ዳር የሙቀት ካሜራ (የነገሮችን ሙቀትና ቅዝቃዜ በቀለም ምስል የሚያሳይ) ይዞ ቤት የሚመረምር ልጅ አለ ብሎ የነገረኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኩም፣ ምክንያቱም ከሱ በፊት አንዱ "በካሜራ አያለሁ" ብሎ መጥቶ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቅኑት የነበረውን ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር ነው ያወጣው፣ እሱ እኮ የአንድ ቦታ ሙቀት በቁጥር ይነግርሃል እንጂ ምስል የለውም። ስልክ ላይ የሚጫኑት "የሙቀት ካሜራ" የሚባሉ አፖችም እንደዛው ናቸው፣ የስልክ ካሜራ ከነገሮች የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ጭራሽ አያነብም፣ ፎቶውን ቀይና ሰማያዊ ቀለም ነው የሚቀቡት፣ እንዳትሸወዱ። ስልክ ላይ የሚሰካ የራሱ መሣሪያ ያለው ሌላ ነው።

ልጁ ገና ስንደዋወል "ግድግዳው ፀሐይ የሚያገኘው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጠዋት አልኩት። "በቃ ሳይነጋ ነው የምመጣው፣ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ይዋሻል" አለ። የፀሐዩ ሙቀት ከእርጥበቱ ምልክት ጋር ይደባለቅበታል ማለት ነው። ከዋዜማው መጥቶ አደረና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስራ ጀመርን።

እማዬ ካሜራውን ስታይ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ "ሰው ውስጥም ያያል እንዴ ልጄ?" አለችው። ሳቀና "ኧረ እሜቴ፣ ግድግዳ ውስጥም አያይም፣ የላዩን ሙቀት ብቻ ነው የሚያነበው" አላት። ይሄን ስላላት ነው እኔ ልቤ ያረፈው፣ ሌላው ቢሆን ኤክስሬይ ነው ብሎ ያስከፍለን ነበር። ወደ መስኮቱ ሲያዞረው ውጪውን ሳይሆን የራሳችንን ጥላ አየን፣ መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም አለን። የሚያብለጨልጭ ትሪ ላይ ሲያዞረውም የኔ ፊት ሙቀት ተመልሶ ታየ፣ ለዛ ነው የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ዝም ብሎ ማመን የማይቻለው። ቀለምና ልስን ግን ደህና ይነበባል አለ።

ግድግዳው ላይ ሲያዞረው መሃል አካባቢ ሰማያዊ ነገር ታየ፣ ከሌላው በ3 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዟል። እርጥብ ቦታ ውሃው ሲተን ሙቀት ይወስዳልና ይቀዘቅዛል። "ከጣራ ቢሆን ከላይ ጀምሮ ይወርድ ነበር፣ ከመሬት ቢሆን ከታች ይወጣ ነበር፣ ይሄ ግን መሃል ነው የጀመረው" አለ። እዛ ላይ ግን አልቸኮለም። ቀዝቃዛ ሁሉ እርጥብ አይደለም፣ ንፋስ የሚገባበትም ይቀዘቅዛል ብሎ ሹል ጫፍ ያለው የእርጥበት መለኪያ አውጥቶ እየወጋ አረጋገጠ። ከዛ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ሻወር ሙቅ ውሃ ክፈቱ አለን። እናንተዬ፣ ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር እየተሳለ መጣ፣ የቧንቧው መንገድ ነው፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እንደ ፈሰሰ ወጥ ተዘረጋ። ከቦይለሩ የሚመጣው ቧንቧ ነበር የሚያፈሰው። ክረምት የሚብሰውም በዝናቡ አልነበረም፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ አይደርቅልንም፣ በጋ ግን የሚያፈሰውን ያህል ይደርቅና ዳነ እንላለን።

በእርሳስ ምልክት አደረገበትና "እዚህ ጋ ብቻ ይሰበር" አለ። በማግስቱ ቧንቧ ሰራተኛ ጠርተን ሁለት ስንዝር የማይሞላ ቦታ ሰበረ፣ መታጠፊያው ተሰንጥቆ ተገኘ። ያ ግንበኛ ሙሉ ግድግዳ ሊያወርድልን ነበር እኮ!

ይሄ ብቻ ቢሆን እንኳ በቂ ነበር። እማዬ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ነው የምታስረክበው፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት፣ አንዱ ብቻውን ወደ 3 ተኩል ኪሎዋት ይስባል። ልጁ ይሄን ሲያይ ማከፋፈያ ቦርዱን ልየው፣ ግን ሁለቱም ምጣድ ግማሽ ሰዓት ይስሩ፣ ጭነት ከሌለ ችግሩ አይታይም አለ። ሲያየው አንደኛው ብሬከር ሽቦው የገባበት ጋ 92 ዲግሪ፣ ጎኑ ያሉት 35። ብሎኑ ላልቶ ነው፣ የላላ ቦታ ላይ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው አለን። እማዬ ወዲያው ምጣዱን ነቀለች። ኤሌክትሪሻኑ መብራት አጥፍቶ ሲፈታው የሽቦው ፕላስቲክ ጠቁሮ ተሰባብሯል። ያ ቦርድ ያለው የእንጨት ኮርኒስ ስር ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ሳያስከፍል አየው፣ ሰማያዊው ጠፍቷል፣ ያኔ ነው ቀለም ቀቡ ያለን። በጠቅላላ የከፈልነው ሁለት ጊዜ ለቀለም ካወጣነው ያንሳል። ቅሬታ ካልቀረ አንድ አለኝ፣ የሰጠን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው፣ ለእማዬ እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ የተረጎምኩላት፣ ወንድሜ ይሄን አስተካክል። የጣራውን ነገርም ስንጠይቀው "ዛሬ ደመና ስለሆነ አልናገርም" ብሎ አልፎታል፣ ለኔ ይሄ ጥፋት አይደለም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ስትቀጥሩት ግን ግድግዳው ላይ የተደገፈ ቁም ሳጥን ምናምን ካለ ከአንድ ቀን በፊት ሳቡት። እኛ ይሄን ሳናውቅ በዛ ሌሊት የእማዬን ቁም ሳጥን ስንጎትት ሌባ ገባ ብሎ ዱላ ይዞ የወጣው ያው ያኮረፍነው ጎረቤታችን ነው። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባና ያ ቢጫ መስመር ሲሳል አብሮን ቆሞ አየ። ምንም አላለም፣ እማዬ ግን ቡና አቀረበች።