ጅማ ላይ በላስቲክ ተመዝኖ ከሚሸጥ «ለስላሳ» ዘቢብ ተጠንቀቁ

ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ የምትይዙ፣ ለኢፍጣር ከተምር ጋር የምታቀርቡ፣ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ጭብጥ አድርጋችሁ የምትጨምሩ ሁሉ ይህን አንብቡት። ነገሩ በጥቂት ብር መታለል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት።

የምንናገረው ስለዚህ ዘቢብ ነው፦ ምንም ጽሑፍ በሌለው ነጭ ላስቲክ ተቋጥሮ ወይም አፉ ከተከፈተ ማዳበሪያ በጣሳ እየተቀዳ የሚሸጥ፣ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት ልስልስ ያለ፣ ዋጋው ከታሸገው ረከስ ያለ። «አዲስ የገባ ነው፣ ልስላሴውን እዩት» ይባልላችኋል። ችግሩ ያለው እዚያው ልስላሴው ላይ ነው። በወጉ የደረቀ ዘቢብ ጥርስ ላይ ይታኘካል እንጂ አይፈርጥም።

ደህና ዘቢብ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከ15 እስከ 18 በመቶ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለተለመደው ዘቢብ ያስቀመጠው ጣሪያም 18 በመቶ ነው። አንድ ኪሎ ዘቢብ እንዲገኝ አራት ኪሎ ያህል ወይን ይደርቃል፤ ውሃው ሲሄድ ስኳሩ ይከማቻል፣ ሻጋታውም የሚጠጣው ያጣል። ዘቢብ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ደርቆ ያለቀ ቡና ተመልሶ ዝናብ ከነካው ሽታውም መልኩም ያሳብቅበታል፣ የሚያውቅ ሰው አይነካውም። ዘቢብም ሕጉ ያው ነው። ልዩነቱ ቡና ሲረጥብ ያስጠላል፣ ዘቢብ ግን ሲረጥብ ያምራል። ገዢን የሚያታልለው ይኸው ነው።

ዘቢብ ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ስኳሩም ወደ ቆዳው ወጥቶ እንደ ዱቄት ነጭ ያለብሰዋል። ይህ በራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው ያ ያረጀ ዕቃ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ፣ ተጠንፍፎ፣ በእጅ ዘይት ታሽቶ «አዲስ» ተብሎ ሲወጣ ነው። ነጩ ይሟሟል፣ የተጨማደደው ቆዳ ይነፋል፣ ዘይቱ ያበራዋል፣ ሚዛኑም ይጨምራል።

ሒሳቡን እንሥራው። 16 በመቶ ውሃ ያለው አንድ ኪሎ ዘቢብ ውስጥ 160 ግራሙ ውሃ፣ 840 ግራሙ ደረቁ ፍሬ ነው። ውሃው 26 በመቶ እስኪሆን ቢነከር ያው 840 ግራም ፍሬ 1135 ግራም ሆኖ ይመዘናል። እንግዲህ ከምትገዙት እያንዳንዱ ኪሎ ላይ ወደ 120 ግራም ገደማ የምትከፍሉት ለተጨመረ ውሃ ነው። ዋጋው ከታሸገው አሥር በመቶ ቢቀንስላችሁም በእውነቱ አልረከሰላችሁም።

ዘይት መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ፋብሪካዎችም ፍሬው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ለምግብ የተፈቀደ ዘይት በስሱ ይቀቡታል፣ መለያው ላይም ይጽፉታል። ላስቲኩን ከውስጥ የሚያወዛ፣ ጣት ላይ የሚቀር፣ የቆየ የመጥበሻ ዘይት ዓይነት ሽታ ያለው ከሆነ ግን ተዉት። በተለይ ለቅዳሴ የምትሰጡ ሰዎች ልብ በሉ፤ ዘቢቡ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ስለሚጨመቅ፣ የታሸበት ዘይት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ የምታደርጉት ምርመራ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አንድ ጭብጥ ዘግናችሁ አጥብቃችሁ ጨብጡና እጃችሁን ክፈቱ። ደህናው ይበታተናል፤ የተነከረው ድቡልቡል ብሎ ይቀራል፣ መዳፋችሁንም ያርሰዋል። ቀጥሎ የላስቲኩን ውስጥ እዩ፦ ጤዛ ካለ ውሃ አለ ማለት ነው፣ ክርክሩ እዚያ ያልቃል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱ። ደህና ዘቢብ ጣፋጭ ሽታ እንጂ እርሾ እርሾ አይልም። ጠጅ ጠጅ ካለ ወይም ከኮመጠጠ መፍላት ጀምሯል፤ ብዙ ስኳር የሚችሉ እርሾዎች አሉ፣ ትንሽ ውሃ ካገኙ ይበቃቸዋል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ሁለት ነገር አድርጉ። ነጭ ነገር ያለባቸውን ፍሬዎች ለይታችሁ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ነጭ ስኒ ውስጥ ጣሉና አማስሉ። ነጩ በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ስኳር ነበር። እንደ ጥጥ ጭረት ሆኖ ከፍሬው ላይ ካልለቀቀ ወይም ተቦጭቆ ከተንሳፈፈ ሻጋታ ነው፣ ያኔ የሚጣለው ከረጢቱ በሙሉ ነው እንጂ ያ ፍሬ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው የአሸዋው ነው፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘቢብ በብርጭቆ ውሃ አማስላችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፣ ከዚያ ሥሩን እዩ። መሬት ላይ የደረቀ ወይም ተጠርጎ የተሰበሰበ ከሆነ አተላው ይነግራችኋል። በፍሬዎቹ መካከል ቀጭን ድር ካያችሁ የእሳት እራት ትል አለበት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቡናማ ጠፍጣፋ ጢንዚዛ ካያችሁ ደግሞ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ብዙ ከርሟል።

ዋናው ጉዳይ ግን በዓይንም በአፍንጫም የማይያዘው ነው። ወይን ላይ የሚያድጉ ጥቁር ሻጋታዎች አሉ፣ ቀንደኛው አስፐርጊለስ ካርቦናሪየስ ይባላል። የወይኑ ቆዳ በነፍሳት ሲበሳ ወይም በዝናብ ሲሰነጠቅ ይገቡበታል፤ ወይኑ ቶሎ ካልደረቀ ደግሞ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል መርዝ ይተዉበታል። ጥቁር ሻጋታ በጥቁር ዘቢብ ላይ ማን ያየዋል? ይህ መርዝ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች በዋናነት የሚያጠቃው ኩላሊትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1993 ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ተራ አስገብቶታል። መታጠብ አያስወጣውም። መቀቀልና ዳቦ ውስጥ መጋገርም አያጠፋውም። «ለብርዝ ወይም ለጠጅ ይሁን» ለሚሉም፣ መፍላት አያስወግደውም፤ ወይን ጠጅ ውስጥ ስለሚገኝ አውሮፓ ለወይን ጠጅም የተለየ ገደብ አውጥታለች።

አንድ ጥናት እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ከሱቅ የተሰበሰቡ 60 የዘቢብ ዓይነት ናሙናዎች ተመርምረው በ53ቱ ውስጥ ይህ መርዝ ተገኘ፤ ከፍተኛው መጠን በኪሎ 53.6 ማይክሮ ግራም ነበር። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ለዘቢብ በኪሎ 10 ማይክሮ ግራም ገደብ አወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ወደ 8 ዝቅ አደረገው። ይህን የምንጽፈው ዘቢብ አትብሉ ለማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባለሙያዎች ሰው በሳምንት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 100 ናኖ ግራም (0.1 ማይክሮ ግራም) ቢወስድ ይታገሰዋል ብለዋል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የአውሮፓው ገደብ (በኪሎ 8 ማይክሮ ግራም) ላይ ካለ ዘቢብ በሳምንት 250 ግራም ቢበላ ነው እዚያ የሚደርሰው፣ ይህ ደግሞ ብዙ ነው። እንደዚያ እንደ ክፉው ናሙና ካለ ዘቢብ ግን 37 ግራም ይበቃዋል፤ ለሳምንቱ አንድ ጭብጥ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምርመራ ነው። ለታሸገው የምትጨምሩት ብር የሚገዛላችሁም ከየት እንደመጣና ማን እንደሚጠየቅበት የሚታወቅ ዕቃ ነው። የላስቲኩ ዘቢብ የማንም አይደለም፤ በዚያ ላይ ውሃ ተጨምሮበት ሻጋታው እንደገና መንገድ ተከፍቶለታል።

ስለ ወርቃማው ዘቢብም አንድ ነገር አለ። ያ መልክ የወይኑ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ በድኝ ጭስ፣ ማለትም በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ታክሞ እንዳይጠቁር የተደረገ ነው። የተፈቀደ አሠራር ነው፣ ኮዴክስም ለዚህ ዓይነት ዘቢብ በኪሎ እስከ 1500 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል። በሌላ በኩል አንድ ሰው በቀን ያለ ስጋት ሊወስደው ይችላል የሚባለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.7 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 14 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ዘቢቡ ጣሪያው ላይ ከሆነ ይህ ከአሥር ግራም በታች ነው፣ ሃያ ፍሬ ገደማ። አብዛኛውን ልጅ ምንም ላያደርገው ይችላል። አስም ያለበትን ሰው ግን ደረቱን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ ቤታችሁ አስም ያለበት ካለ፣ ላዩ ላይ ኢ220 ወይም ሰልፋይት የሚል መኖር አለመኖሩን የማታነቡበትን ወርቃማ ዘቢብ አትግዙ። ጥቁሩ ዘቢብ በተለምዶ ያለ ድኝ በፀሐይ የሚደርቅ ነውና ለእነሱ ይሻላል።

ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለዩበትን ሰማያዊ መብራት ይዛችሁ ዘቢብ ለመመርመር አትድከሙ። ቱርክ ውስጥ የደረቀ በለስን በዚህ መብራት የሚለዩት ሌላ መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ሊኖርበት የሚችለውን ፍሬ ለማውጣት ነው። ዘቢብ ላይ ስላለው ኦክራቶክሲን የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ታዲያ እንዴት እንግዛ? ትንሽ የምትፈልጉ ከሆነ በፋብሪካ የታሸገ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት ቁጥር፣ የመጣበት አገርና የአስመጪው ወይም የአሻጊው ስምና አድራሻ ያለበትን ውሰዱ። ቀኑ በተለጣፊ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ከሥሩ ሌላ ቀን እንዳለ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ለበዓል ብዙ የምትፈልጉ ደግሞ አራት አምስት ጎረቤት ሆናችሁ ካርቶን ግዙ። ከውጭ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በ10 ወይም በ12.5 ኪሎ ካርቶን ነው የሚመጣው፣ ከውስጡም ላስቲክ አለው። ፊታችሁ ይከፈት፣ የካርቶኑን ጎን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ተካፈሉት። ሒርማታ ገበያ ላይ በኪሎ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ ካርቶኑን አሳዩን በሉ። ማሳየት የማይፈልግ ነጋዴ ጋር ዋጋ አትከራከሩ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ደረሰኝ ጠይቁ።

ደህናውን ገዝታችሁም ቢሆን የጅማ ክረምት ያበላሽባችኋል። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፣ ዘቢብም ስኳር ስለሆነ እርጥበት ይስባል። ፌስታል ውስጥ አታቆዩት፤ ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ አኑሩት። በእርጥብ ማንኪያ አትቅዱ። ከእርጥብ ቦታ፣ ከድንችና ከሽንኩርት አርቁት። ማቀዝቀዣ ያላችሁ ከሁለት ወር በላይ የምታቆዩትን እዚያ አስገቡ፤ የእሳት እራት ካሠጋችሁ ደግሞ በረዶ ቤቱ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ለአንድ ሳምንት ቢቆይ ትሉም ዕንቁላሉም ይሞታል። እጠቡት፣ ግን ልትበሉት ስትሉ ብቻ። አጥባችሁ ብታስቀምጡት ነጋዴው የሠራውን ስህተት በገዛ እጃችሁ ትደግሙታላችሁ። ለትንንሽ ልጆች ሙሉውን ፍሬ አትስጡ፣ ጉሮሮ ላይ ይሰካል፤ ከትፋችሁ ስጡ።

የተነከረውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ ከሌላ ዘቢብ ጋር አትቀላቅሉት፣ «ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ» ብላችሁም አታድኑት፤ ዳግም መድረቁ የተፈጠረውን አይመልሰውም። ለዶሮም ለከብትም አትድፉት። ለውሻ ደግሞ በጭራሽ፦ ምንም ያልሆነው ዘቢብ እንኳ የውሻን ኩላሊት ሊያቆም ይችላል።

ለመክሰስ የምታስቡ፣ ግማሹን እንደታሰረ ከነላስቲኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፣ የገዛችሁበትን ቀንና ቦታ ላዩ ላይ ጻፉ፣ ደረሰኙን አያይዙ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተበላሸና የተጭበረበረ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ የንግድ ጽሕፈት ቤትና የጤና ቁጥጥር ክፍል አቤቱታ ይቀበላሉ። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት የት፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ እንደገዛችሁና ናሙናው በእጃችሁ መኖሩን ነው። ናሙናውን በልታችሁ ወይም ጥላችሁ ከጨረሳችሁ የሚያነሳው ማስረጃ የለም።