ባለ ስድስት ሜትር ካምፐር ቫን ለብቻ ተጓዥ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የቀረበ ግምገማ

የምገመግመው መኪና ከፋብሪካ ዕቃ ማመላለሻ ሆኖ ወጥቶ በኋላ በአንድ ጋራዥ ወደ መኖሪያነት የተለወጠ ካምፐር ቫን ነው። ርዝመቱ 5.99 ሜትር፣ ቁመቱ የጣሪያውን ቬንትሌተር ጨምሮ 2.75 ሜትር ሲሆን፣ በናፍጣ የሚሠራው ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማዎቹን ነው። ውስጡ ቋሚ አልጋ፣ ሁለት ምድጃ ያለው የጋዝ ማብሰያ፣ ኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ ጠባብ ሻወርና ካሴት መጸዳጃ (ቆሻሻው ተነቅሎ በሚወጣ ዕቃ ውስጥ የሚጠራቀምበት) አለው። እንዲህ ያሉ መኪኖች የሚሸጡት ሁለት ሰው ያስተኛሉ፣ አራት ሰው ያስቀምጣሉ እየተባለ ነው፤ አገር ለማቋረጥ ብቻውን የሚነሣ ሰው ግን በሌላ መስፈርት ሊመዝናቸው ይገባል። ሁለት ሰዎች ሲጓዙ አንደኛው ከኋላ ቆሞ አቅጣጫ ያሳያል፣ ቱቦ ይይዛል፣ ሲደክም መሪውን ይቀበላል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ መኪናውን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ሥራ አንድ ሰው፣ ደክሞትም ቢሆን፣ በጨለማና በዝናብ ያለ ረዳት ሊጨርሰው ይችላል ወይ?

በዚህ መስፈርት ከሁሉ በላይ ዋጋ ያገኘው ነገር በሽያጭ መግለጫው ላይ ያልተጠቀሰ ነው፤ ይኸውም ከአልጋ ተነሥቶ ወደ ውጭ ሳይወጡ መሪው ጋ መድረስ መቻሉ ነው። የማደሪያው ቦታ ሌሊት ላይ ካላስተማመነ በር ሳይከፈት ሞተር አስነሥቶ መሄድ ይቻላል፤ ከኋላ የሚጎተት ካራቫን ውስጥ የሚያድር ሰው ይህ ዕድል የለውም። ሆኖም ጥቅሙ የሚገኘው አስቀድሞ ለተዘጋጀ ሰው ነው። መኪናው ሲቆም ፊቱ ወደ መውጫው መዞር አለበት፤ በፔዳሎቹ አካባቢ ጫማም ሆነ ቦርሳ መቀመጥ የለበትም፤ የሚሽከረከረው የሾፌር ወንበርም ከመኝታ በፊት ወደ መንጃ አቅጣጫው መመለስ ይኖርበታል። የመጨረሻው በተለይ አስፈላጊ የሚሆነው በእኔ መኪና ወንበሩን ለማዞር በሩ በጥቂቱ መከፈት ስላለበት ነው።

የስድስት ሜትሩ ርዝመትም ለአንድ ሰው ትክክለኛው ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ የሚረዝም መኪና ተጨማሪ ቁም ሣጥን ይሰጣል፤ ነገር ግን ማቆሚያ ቦታ ይመርጣል፣ በጠባብ መንገድ መዞርም ይቸግረዋል። የኋላ ካሜራው መልካም ነው፤ ግን በላይ በኩል የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ስለማያሳይ ወደ ኋላ ከመሄድ በፊት ወርዶ ዞሮ ማየት አሁንም የግድ ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ መቆሙን ለማረጋገጥ ከመሪው ሆኖ የሚታይ ትንሽ ውኃ ልክ ዳሽቦርዱ ላይ ማጣበቅ በቂ ነው፤ ለዚያ ሲባል ደጋግሞ መውጣትና መግባት ይቀራል። ፍሪጁ ኮምፕረሰር ያለው በመሆኑ ትንሽ ማዘንበል አያውከውም። በጋዝ ሙቀት የሚሠሩት የአብዞርፕሽን ፍሪጆች ግን መኪናው ካዘመመ በሚገባ አያቀዘቅዙም።

ወደ አነዳዱ ስመጣ መናገር ያለብኝ ከፍጥነት ይልቅ ስለ ክብደት ነው። በብዙ አገሮች ተራ የመንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደት እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ይህ መኪና ምንም ሳይጫንበት 2,900 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የቀረው 600 ኪሎ ግራም ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን 100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ሾፌሩ፣ ናፍጣው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ መሣሪያውና ልብሱ ሲጨመሩ ክፍተቱ ቶሎ ይጠባል። ለሁለት ተሳፋሪ ከተጫነ መኪና ጋር ሲነጻጸር ብቻውን የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ እፎይታ አለው። ቢሆንም ጠቅላላው ክብደት ብቻ ሳይሆን በየአክስሉ (በፊትና በኋላ ጎማዎች ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደትም ተለይቶ ሊመዘን ይገባል፤ ከኋላ አክስል አልፎ የሚቀመጥ ከባድ ዕቃ የፊቱን ስለሚያቀል በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና እርጥብ ሣር ላይ በቀላሉ ጎማው ይሽከረከርበታል። የመሣሪያ ሣጥኑን ከኋላ በር ሥር አንሥቼ ወደ መካከል ካመጣሁት ወዲህ በለስላሳ መሬት ላይ ያለው አያያዝ ተሻሽሏል።

የናፍጣ ፍጆታው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ያህል ነው፤ በ120 ሲነዳ ከ13 ሊትር ያልፋል። የአየር ግፊቱ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግና የመኪናው ፊት እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ብቻውን የሚነዳ ሰው ደግሞ ቀድሞውንም ለመሮጥ ምክንያት የለውም፤ መሪውን የሚቀበለው ስለሌለ በቀን ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ እንዳይነዳ እመክራለሁ። ጎማዎቹ ለካምፐር ተብለው የሚሠሩት፣ በጎናቸው ላይ ሲፒ (CP) የሚል ምልክት ያለባቸው ናቸው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በጎማው ጎን ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያንብብ፤ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ካምፐር ቫኖች ለረጅም ጊዜ ቆመው ስለሚከርሙ ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ላስቲኩ አርጅቶ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

ገዢዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ኤሌክትሪክ ነው። እኔም በመጀመሪያ ያጠናሁት እርሱን ነበር፤ ነገር ግን ከወራት በኋላ ለአንድ ሰው ከሚገባው በላይ የተፈራ ጉዳይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መኪናው 200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ አለው፤ በ12.8 ቮልት ሲሰላ 2,560 ዋት ሰዓት ይሆናል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወሰድበት ይመረጣል፤ ከሊቲየሙ ግን አብዛኛውን መጠቀም ይቻላል። በሞቃት ቀን ፍሪጁ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ መብራት፣ ቬንትሌተርና የውኃ ፓምፕ ተደምረው ሌላ 400 ወይም 500 ይጨምራሉ። በጣሪያው ላይ ያለው ባለ 300 ዋት የፀሐይ ፓነል በጠራ የበጋ ቀን ይህን ሁሉ ይተካል። ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትሄድበትና ደመና በሚበዛበት ወቅት ግን ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ የተኛ ፓነል ብዙ አይጠበቅበትም። ያን ጊዜ የሚታደገው ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ባለ 30 አምፔር ዲሲ ዲሲ ቻርጀር ነው፤ ሁለት ሰዓት መንዳት 60 አምፔር ሰዓት ያህል ስለሚመልስ ቶሎ ቶሎ ቦታ የሚቀይር ተጓዥ ፀሐይ ባይወጣም ባትሪው ቶሎ አያልቅበትም።

በዚህ ረገድ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ስለ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር ነው። ምንም ሳይሰካበት በርቶ ቢውል እንኳ 15 ዋት የሚወስድ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህ ለፍሪጁ ከሚበቃው ብዙም የማያንስ ነው። ላፕቶፑን በቀጥታ ከ12 ቮልቱ መስመር በዩኤስቢ ሲ ቻርጀር መሙላት ከጀመርኩ ወዲህ ኢንቨርተሩን የማበራው አልፎ አልፎ ነው። በኤሌክትሪክ ማብሰልንም የማልመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ 1,800 ዋት የሚፈልግ የኢንዳክሽን ምድጃ በ12 ቮልት ከባትሪው 150 አምፔር ያህል ይስባል፤ ያን የሚሸከም ገመድ፣ ፊውዝና ኢንቨርተር መግጠም ለአንድ ሰው ማብሰያ ከልክ ያለፈ ወጪ ነው። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ከተሞላ ሊቲየሙ በአኖዱ (በባትሪው አሉታዊ ዋልታ) ላይ እየተለበጠ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። የባትሪው መቆጣጠሪያ መሙላቱን ማቋረጥ ቢችልም ባትሪው ከመኪናው ሆድ ሥር ሳይሆን በሚሞቀው ክፍል ውስጥ መቀመጡን ገዢው ከመክፈሉ በፊት ማየት አለበት።

በአንድ ቦታ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው ውኃ ነው፤ ከንጹሑም ይበልጥ ቆሻሻው። ንጹሕ ውኃ የሚይዘው ታንክ 100 ሊትር ሲሆን፣ ለማብሰል፣ ለዕቃ ማጠቢያና ለፊት ጥንቃቄ ባለው አጠቃቀም በቀን ከ8 እስከ 10 ሊትር ይበቃል። በየሁለት ቀኑ ሻወር ከተወሰደ ታንኩ ለአንድ ሳምንት ያህል ይዘልቃል። ካሴት መጸዳጃው ግን 18 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ አንድ ሰው በሦስት ወይም በአራት ቀን ይሞላዋል። ሻጩ ስለ ባትሪው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያብራራ ስለዚህ ጉዳይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የጉዞዬን ዕቅድ በየጊዜው የሚወስነው ግን ይህ ካሴት እንጂ ባትሪው አይደለም። ሙሉ ካሴት ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ያለ ረዳት ለሚያወጣው ሰው ጎማና መጎተቻ እጀታ ያስፈልገዋል። መድፊያውም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ ብቻ መሆን አለበት። ፎርማልዲሃይድ ያለባቸው የመጸዳጃ ኬሚካሎች ፍሳሹን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ስለሚገድሉ ከእነርሱ ነጻ የሆነውን መምረጥ ይገባል።

የታንኮቹ መለኪያ መብራቶች እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። በተለይ የቆሻሻ ውኃው መለኪያ ሳሙናና ስብ ሲለጠፍበት ባዶውን ታንክ ሙሉ ነው ይላል። ስለዚህ የምተማመነው በመብራቱ ሳይሆን ንጹሕ ውኃ በቀዳሁበት ጊዜ በምጽፈው ማስታወሻ ነው። ለመጠጥ የሚሆነውን በተለየ ጀሪካን መያዝ፣ ዋናውን ታንክ ደግሞ በየጊዜው በክሎሪን ማጠብ አስፈላጊ ነው። ከመንዳት በፊትና ከመኪናው ሲርቁ ፓምፑን ማጥፋትም መዘንጋት የሌለበት ሥራ ነው፤ ቧንቧ በንዝረት ቢከፈት ወይም ቱቦ ቢያመልጥ ፓምፑ ታንኩን በሙሉ ወለሉ ላይ ይገለብጠዋል፤ ሾፌሩም ብቻውን ስለሆነ የሚነግረው የለም። ሻወሩን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ጃኬት መስቀያ ሆኖ ስለሚያገለግል የያዘውን ቦታ የሚያህል ጥቅም አልሰጠኝም።

ማሞቂያው ናፍጣውን ከመኪናው ታንክ ይስባል፤ በሰዓት ከሩብ ሊትር በታች ስለሚያቃጥል በጣም ቆጣቢ ነው። ጉድለቱ የሚታየው በከፍታ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ይቀርና ማቃጠያውን ጥቀርሻ ይሞላዋል፤ ከፍታን አገናዝቦ የናፍጣውን መጠን የሚቀንስ ሞዴል መምረጥ ከዚህ ያድናል። የጋዝ ሲሊንደር ለሚጠቀሙ ደግሞ ቡቴን በ0 ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም በብርድ ወቅት እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚተነው ፕሮፔን ይሻላል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ጋዝ ሲያፈስ የሚያስጠነቅቀው ጠቋሚ ወለሉ አጠገብ መገጠም አለበት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ግን ተኝቶ በሚተነፈስበት ከፍታ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ብቻውን የሚተኛ ሰው የሚቀሰቅሰው ይህ ጩኸት ብቻ ስለሆነ የጠቋሚዎቹን ባትሪ በየጊዜው መፈተሽ ቀላል የማይባል ጉዳይ ነው። የአንድ ሰው ትንፋሽና ላብ በአንድ ሌሊት ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር እርጥበት ያወጣል፤ ያ እርጥበት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ስለሚቀር በብርድም ቢሆን ቬንትሌተሩ በጥቂቱ ተከፍቶ ማደር አለበት።

እስካሁን ያጋጠሙኝ ብልሽቶች ከሞተሩ ሳይሆን ከለውጡ ሥራ የመጡ ናቸው። ኮረኮንች መንገድ የቁም ሣጥኖቹን ብሎኖች አላልቷል፤ የመሳቢያዎቹ መቆለፊያ ደካማ በመሆኑ ኩርባ ላይ የተከፈተባቸው ጊዜ አለ፤ በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያም ተሰንጥቆ ዝናብ አስገብቷል። ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ገመዶቹ ምልክት ሳይደረግባቸው መዘርጋታቸው ነው። ከከተማ ርቆ መብራት ሲጠፋ የትኛው ገመድ ወደ የትኛው ፊውዝ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሥዕል ከሌለ ብልሽቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እንኳ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መኪና የሚያስለውጥ ሰው የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የገመዶቹን ሥዕል በወረቀት ይጠይቅ፤ ፊውዝ ሣጥኑም አልጋው ሳይነሣ የሚደረስበት መሆኑን ያረጋግጥ። ትርፍ ጎማውንም በጋራዡ ግቢ ራሱ አውርዶ ራሱ ይመልሰው፤ የእነዚህ መኪኖች ጎማ 30 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከመኪናው ሥር ጎትቶ ማውጣት የሚያቅተው ሰው አነስተኛ የአየር መንፊያና የጎማ መድፈኛ ጨምሮ መያዝ ይኖርበታል።

መኪናውን ብዙ ቀን በአንድ ቦታ ለመቆም ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም ከቆሻሻ መድፊያ ርቆ ለሚሰፍር፣ አሁን ባለበት ሁኔታ አልመክረውም። በየጥቂት ቀኑ እየተነሣ አገር ለሚያቋርጥ ብቸኛ ተጓዥ ግን ከዚህ የሚበልጥ መኪና አያስፈልገውም። እኔ የምቀይረው ሁለት ነገር ነው። ካሴቱን ሽንትና ዐይነ ምድርን በሚለይ ደረቅ መጸዳጃ እተካዋለሁ፤ ካሴቱን በአብዛኛው የሚሞላው ሽንትና የማጠቢያ ውኃ ስለሆነ ሽንቱ ለብቻው በትንሽ ዕቃ ከተያዘ የመቆያው ጊዜ ይረዝማል፣ የሚሸከሙት ክብደትም ይቀንሳል። የሻወሩን ግድግዳ አፍርሼ በቦታው ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ አስገባለሁ፤ ለገላ መታጠቢያ ከኋላ በር ላይ የሚሰቀል መጋረጃና የተነጠለ ቱቦ ይበቃል።