ባለ ሁለት ቁልፍ የፍላሽ ዕቃ በፈረቃ ውሃ ቤት፦ ክረምትና በጋ ከተጠቀምኩበት በኋላ

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚደርሰን፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። በብረት ማማ ላይ የተሰቀለው ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ይሞላል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ፈረቃ እስኪደርስ አምስት ሰው በሱ ይኖራል። ውሃ ይቆጥባል ተብሎ ከገዛሁት ነገር ሁሉ ያወጣሁበትን ብር በትክክል የመለሰልኝ የሽንት ቤቱ ፍላሽ የውስጥ ዕቃ ነው። ከተገጠመ ክረምትም በጋም ስላለፈበት አሁን ስለሱ በድፍረት መናገር እችላለሁ።

መርካቶ ሳኒተሪ ሱቆች ውስጥ በካርቶን የሚሸጠው ሙሉ ሴት (set፣ የተሟላ የዕቃ ስብስብ) ነው፦ ውሃ አስገቢው ከነተንሳፋፊው፣ ለቃቂው ከነሁለት ቁልፉ፣ ጎሚኒዎቹ (ውሃ እንዳያልፍ የሚያሽጉት ጎማዎች)፣ ታንኩን ከመቀመጫው ጋር የሚያስሩት ብሎንና ዳዶዎች። ዋጋው የቧንቧ ባለሙያ ቤት ድረስ አስመጥቶ አንዴ ለማሠራት ከሚከፈለው ብዙም አይርቅም። ለመግጠም መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ቴፍሎንና አንድ ከሰዓት በቂ ነው። የፕላስቲክ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ በመፍቻ የተጨነቀ የሸክላ ታንክ ይሰነጠቃል።

አሮጌው ታንክ በአንድ ፍላሽ 9 ሊትር ይለቅ ነበር። አዲሱ ካርቶኑ ላይ በትንሹ ቁልፍ 3፣ በትልቁ 6 ሊትር ይላል። ወደ ታንኩ የሚገባውን ውሃ የሚዘጋውን አንግል ቫልቭ ዘግቼ፣ ፍላሽ እያደረግሁ፣ ታንኩን በባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ መልሼ እየሞላሁ ለካሁት፤ ቁጥሩ እውነት ነው። የእኛ መቀመጫ ግን ለ9 ሊትር የተሠራ አሮጌ ስለሆነ 6 ሊትሩ ሁልጊዜ ጠርጎ አይወስድም፤ ሁለቴ ከተጫነ ደግሞ 12 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ለቃቂው ጎን ላይ ያለችውን ተንሸራታች ከፍ አድርጌ ትልቁን 7 ሊትር ላይ አስተካከልኩት፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ የሚጫን የለም። በቀን ሃያ ፍላሽ ቢኖርና አራቱ ብቻ በትልቁ ቢሆኑ፣ ድሮ 180 ሊትር ይሄድ የነበረው አሁን 76 ሊትር ነው። ልዩነቱ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ አምስት ጀሪካን ይሞላል፣ በየቀኑ። ውሃ ሳይመጣ በሚቆይበት ሳምንት ይህ ማለት ምን እንደሆነ ጀሪካን በጋሪ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ሂሳቡም ላይ ይታያል፤ የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሜትር ኩቡን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ነው።

ግን ዕቃው ውሃ ቀን ከሌት በማይጠፋበት፣ ግፊቱም በማይወርድበት ቤት ታስቦ የተሠራ ነው። እኛ ቤት እንደዚያ አይደለም።

ካርቶኑ ላይ አስገቢው የሚፈልገው ዝቅተኛ የውሃ ግፊት 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተብሎ ተጽፏል። ውሃ 1 ባር ለመስጠት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ይፈልጋል። የኛ ሮቶ ከሽንት ቤቱ ታንክ የሚበልጠው በ3 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያለን 0.3 ባር፣ ሮቶው ሙሉ ሲሆን ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አስገቢው ውስጥ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላት የጎማ ዲያፍራም አለች፣ እሷም ላይ በመርፌ ጫፍ የምትጸዳ ቀዳዳ። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ውሃ በቀዳዳዋ አልፎ ከጀርባዋ ይጠራቀማል፣ ጎማዋን ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል። የሚዘጋው የውሃው የራሱ ግፊት ነው። ግፊት ሲያንስ መሙላቱም ይዘገያል፣ መዝጋቱም ይላላል፤ ሮቶው ወደ ማለቂያው ሲደርስ አስገቢው ፍሽሽ እያለ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሴቱ ውስጥ ነበር። ፍሌክሲብሉ፣ ማለትም ውሃ የሚያመጣው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ከአስገቢው ጋር በሚታሰርበት ጫፍ ላይ ቀዳዳዋ የጠበበ ትንሽ ፕላስቲክ ተሰክታ ትመጣለች፤ ሥራዋ ኃይለኛ ግፊትን መቀነስ ነው። ከሮቶ ለሚወርድ ውሃ አታስፈልግም። በካቻቢቴ ጫፍ ስቤ ሳወጣት ታንኩ የሚሞላበት ጊዜ በግማሽ ገደማ አጠረ፣ አዘጋጉም ጠበቀ። አጠገቧ ያለችው ወንፊት ግን መነካት የለባትም።

ሁለተኛው ጠላት ደለል ነው። ፈረቃው ሲደርስ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ነው የሚጠራው። በክረምት ይብሳል። ሮቶው ከላይ ሲሞላ ደግሞ ታች የተኛው ደለል ይነሳና ወደ ቤት ይወርዳል። ያቺ የዲያፍራሟ ቀዳዳ በአንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተደፈነች አስገቢው አይዘጋም፤ ውሃው በመትረፊያው ቱቦ ወደ መቀመጫው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ድምፅም የለው። ክረምቱን ሙሉ በየጊዜው የአስገቢውን ክዳን ሩብ ዙር አዙሬ ዲያፍራሟን እያወጣሁ ሳጥብ ነበር። የአቃቂ ጉድጓዶች ያሉበት አካባቢ ስለሆንን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ልጥፍ እዚህም ይጋገራል፤ አቼቶ ውስጥ ማሳደር ያለቅቀዋል። በኋላ ከአንግል ቫልቩ በፊት ደለል የሚያጣራ ትንሽ ፊልትሮ አስገባሁ፤ ዲያፍራሟን መፍታት የቀረልኝ ያኔ ነው። አሁን የማጥበው ፊልትሮውን ነው፣ እሱም ቀላል ነው። ሴቱን የሚገዛ ሰው ፊልትሮውንም በዚያው ቀን ይግዛ።

ሮቶ ያለው ቤት ውስጥ የፍላሽ ልቅሶን ቆጣሪ አይናገርም። ቆጣሪው የሚዞረው ሮቶው ሲሞላ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሽንት ቤት የሚሄደው ውሃ እንደ ተራ ፍጆታ ተቆጥሮ ይቀራል። እኔ የምለካው በዱላ ነው። ማታ ሁሉም ሲተኛ ቀጥ ያለ ደረቅ እንጨት ሮቶው ውስጥ እሰዳለሁ፣ የረጠበበትን ምልክት አደርጋለሁ፣ ጠዋት ሳይነካ መልሼ እለካለሁ፤ ፈረቃችን ባልሆነ ሌሊት መሆን አለበት። ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ ሮቶ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት ወደ 8 ሊትር ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሁለት ሆነው ሮቷቸው ከኛ ቀድሞ ያልቅባቸው ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሮቶ ሳይቀደድ አይቀርም፤ እስቲ ውጣና እየው» አሉኝ። ወጥቼ አየሁት፣ ደህና ነው። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ አስመጣሁና ፍላሽ ታንካቸው ውስጥ ጨመርኩ። ማንም ሳይነካው ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይጠጣ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀላ። «እትዬ፣ ውሃዎ የሚሄደው በዚህ ነው» ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና «ስንት ጀሪካን ነው በሰው ትከሻ ያስመጣሁት» አሉ። የታችኛውን ጎሚኒ ብቻ ቀየርንላቸው፤ ሙሉ ሴት አላስፈለጋቸውም። የእናንተም ታንክ ውስጥ ቀለሙ ከታች ብቻ ከሆነ የሚያልፈው፣ መጀመሪያ ጎሚኒውን ሞክሩ።

የዕቃው ድክመትም ያው ጎሚኒ ነው። ውሃ ጠፍቶ ታንኩ ባዶውን ሲከርም ጎማው ይደርቃል፣ ጠርዙ ላይ ደለል ይጋገራል፣ ውሃው ሲመለስ ልክ አይቀመጥም። ስለዚህ በጠፋ ጊዜ ሽንት ቤቱን በልብስ እጣቢ በባልዲ እንለቃለን፣ ታንኩን ግን ባዶ አንተወውም። ከካርቶኑ የመጡት ብሎኖች ዝገዋል፤ በነሐስ ቀይሬያቸዋለሁ። የቁልፎቹ የብር ቅብ ተላጧል፣ ይህ ግን ሥራውን አይነካም። እናቴ ትንሹን ከትልቁ በዓይን መለየት ስላቃታት ትንሹ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርገንበታል፤ ጣቷ ጠብታዋን ዳስሶ ያገኛታል።

ደግሜ እገዛዋለሁ? አዎ፤ ለጓሮው ሽንት ቤትም ገዝቻለሁ። ያኛው መቀመጫ አዲስ ስለሆነ 6 ሊትሩ ሳይስተካከል በቂው ነው። የጎሚኒው ልክ ከሴት ሴት ይለያያል፤ ተመልሶ የሚፈልግ ሰው ያንኑ ላያገኝ ይችላልና መለዋወጫ አንድ ሁለት ጎሚኒ ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ቀን፣ ከለቃቂው ጋር አመሳክሮ መያዝ ነው።