በጀጎል የሦስት ሰዓት የእግር ጉብኝት፦ የቆመው በደንብ ታየ፣ የፈረሰው ተዘለለ

ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን የሐረርን አሮጌ ከተማ፣ ልናይ ከድሬዳዋ በሚኒባስ የገባነው ሦስት ሆነን ነበር። ያረፍንበት ቤት ያገናኘን አስጎብኚ ለሦስት ሰዓት 1,500 ብር ጠየቀን፣ ሳንከራከርም ተስማማን። ዋጋው አላስቆጨኝም፤ ሰዓቱ የዋለበት ነገር ግን አላረካኝም።

በሮቹንና ግንቡን ያሳየን በሚገባ ነው። ቡዳ በር አጠገብ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ከታነጸው ግንብ ላይ፣ አሮጌውን የድንጋይ አደራደር ከቅርቡ ጥገና በጣቱ እየነካ ሲለይልን፣ ሥራውን የሚወድ ሰው መሆኑ ታወቀኝ። ከዚያ በኋላ ግን በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም በሚጠራው ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን፤ ያም ባለቅኔው በ1884 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ቤት ሆኖ ሳለ፣ «እዚህ ይኖር ነበር» ተባልን።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንደርስ «ይህ መድኃኔ ዓለም ነው» ብሎ አለፈ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው፣ ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን የገዙት ግብጾች መስጊድ ሠርተውበት በነበረው ስፍራ ላይ ሲሆን፣ መስጊዱ የፈረሰው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ ነው። ርእሱ በከተማዋ ልጅ አፍ እንደሚከብድ አይጠፋኝም፤ ቢሆንም ከፍሎ የመጣ ጎብኚ ሊሰማው የሚገባ ታሪክ ነው።

መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን ሲደበድቡ ሆስፒታሎችና የሚሲዮን ሕንጻዎች ጭምር መመታታቸውን አንስቼ ምን ምልክት እንደቀረ ስጠይቀው፣ እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ። ሳያፍር መናገሩን ወደድኩለት። ወዲያው ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ አንዴ ብቅ ይበሉልኝ» ሲል፣ ቀድሞ በዚሁ ሥራ የነበሩ አንድ አዛውንት መጡ። እናታቸው ያወረሷቸውን ትዝታ ቁጭ ብለው አጫወቱን፤ በከዘራቸው አቧራው ላይ የግንቡን ዙሪያ ስለው «ይህ ለፈረሰኛ ነበር፤ ከላይ ለሚመጣው ምን ያደርጋል?» አሉን። ለዚህ የተጠየቅነው ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ይህን አገልግሎት የምትይዙ ሰዎች፣ ከመነሳታችሁ በፊት አዛውንቱ እንዲገኙ ጠይቁ፤ ጉብኝቱንም ከፈረስ መጋላ አስጀምሩት።