ልብ ወለዱ ቅቤ ሳይነካው እንዲገባ

ቤተሰብ ጠይቆ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው ሻንጣው በበርበሬ፣ በሽሮና በቅቤ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው መጽሐፍ ትዝ የሚለው። ያኔ ደግሞ ጊዜም ኪሎም የለም። ስለዚህ የአዲስ አበባን አገልግሎቶች እዚህ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ አዲሱ ረጅም ልብ ወለድ ሜሪላንድ ሲደርስ ይነበባል ወይ?

ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ላሉት መጽሐፍ መደብሮች ጥሩ ነጥብ እሰጣለሁ። ቆሞ ማገላበጥ ይቻላል፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ ራሱ አንባቢ ነው። ፒያሳ ግን የኮሪደር ልማቱ ብዙ ስላፈረሰ በድሮ አድራሻ ከመሄድ መደወል ይሻላል። በቴሌግራም ማዘዝም ቀላል ነው፤ ሞተረኛ ቤት ድረስ ያመጣል፣ ክፍያው በቴሌብር ነው። ብሩ የሚላከው ግን መጽሐፉ ተገልጦ ከታየ በኋላ፣ ሞተረኛው በር ላይ እያለ ይሁን።

አዟሪዎቹ ክምሩን ደረታቸው ላይ ታቅፈው በመኪና መስኮት ይመጣሉ። ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ከመሃል ግን ተሰርቆ የተባዛ ቅጂ ይገባል። መለያው ፊደሉ ነው፦ ቅጂ ላይ የሃምሱ ቀለበት በቀለም ይደፈንና «ቤ» እና «ቢ» ይመሳሰላሉ፤ የ«ሸ» አናት ይጠፋና «ሰ» ይሆናል። አራት መቶ ገጽ እንዲህ ማንበብ ለዓይን ቅጣት ነው፣ ደራሲውም ሳንቲም አያገኝበትም።

ትክክለኛው እትምም ይፈተሽ። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረዘው ባለ 16 ገጽ እጥፋት እየተደራረበ ስለሆነ ሲጎድልም 16 ገጽ በአንዴ ነው። ከ128 ቀጥሎ 145 ከመጣ አንድ እጥፋት ቀርቷል፤ አንዳንዴም ያው እጥፋት ሁለቴ ይገባል። የገጽ ቁጥሩን በአውራ ጣት እያስሮጡ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሜሪላንድ ከደረሱ በኋላ ግን የሚቀይር የለም። ጀርባው ላይ በብርም በዶላርም ዋጋ ከተጻፈ ዶላሩ ለውጭ አገር ሽያጭ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚከፈለው የብሩ ነው። የብራና መጽሐፍ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ ከአገር አይወጣም፤ ሻጩ «ችግር የለውም» ቢልም አይግዙ።

ወደ ሻንጣው እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአሜሪካ መንገደኛ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል። ባለ 300 ገጽ ልብ ወለድ 350 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አሥራ ሁለቱ ከአራት ኪሎ ትንሽ ያልፋሉ። መጽሐፍና ቅቤ በአንድ ሻንጣ አይገቡም፤ ሻንጣው ፀሐይ ላይ ሲቆም ቅቤው ይቀልጥና በክዳኑ ዙሪያ ይወጣል። ቅቤው ከአፉ ሁለት ጣት ጎድሎ ይሞላ፣ ክዳኑ በፕላስተር ይዞር፣ ከዚያ በሁለት ፌስታል ይጠቅለል። መጽሐፎቹ የአንዱ ጀርባ ከሌላው አፍ ጎን እየሆነ ተደርድረው በጋቢ ይጠቅለሉና መሃል ይግቡ። ቦሌ ላይ ሻንጣ በላስቲክ የሚያስጠቀልሉት ከጭረት ያድናል፣ ከቅቤ ግን አያድንም። ቋንጣ አሜሪካ አይገባም። ሌላውም ምግብ ቢሆን ለአሜሪካ ጉምሩክ በሙሉ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ቅጣት አለው።

በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ ቅዝቃዜ ሲነካው ጀርባው ይደርቃል። በአሜሪካ ክረምት የደረሰውን አንድ ቀን ቤት ውስጥ አሳድሮ፣ ከፊትም ከኋላም ጥቂት ጥቂት ገጽ እየገለጡ ማለማመድ ነው፤ መሃሉን በአንዴ ከበረገዱት ቅጠሉ ይረግፋል። ቅቤ የነካውን ገጽ በሶፍት መሃል ይዞ፣ የበቆሎ ስታርች ነስንሶ ማሳደር ዘይቱን ይመጥለታል፤ ጥላው ግን ይቀራል። የበርበሬ ሽታ ያለበትን ከቤኪንግ ሶዳ ሰሃን ጋር ካርቶን ውስጥ ዘግቶ ጥቂት ቀን ማቆየት ነው።

የማንበቢያው ሰዓት ራሱ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይን ይፈጣል፤ አዲስ አበባ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ረፋድ 4፣ በክረምቱ 5 ሰዓት ነው። ስልክ ከተነካ እንቅልፉ ጭራሽ ይሸሻል፣ ወረቀትና ደብዛዛ መብራት ይሻላል። ያን ሰሞን የአክስቶች ወግ ገና ጆሮ ላይ ስላለ፣ ሌላ ጊዜ የሚያደናቅፈው የገጠር ንግግር ሳይከብድ ያልፋል። ከባዱ ልብ ወለድ መጀመር ያለበት ያኔ ነው፤ ቀላሉ ከወር በኋላ ይጀመር።