«ተዋንያኑ በአካል ይገኛሉ» ለሚሏችሁ ሰዎች ብር እንዳትሰጡ

ሞንታርቦ ጭና ከጠባሴ እስከ መናኸሪያ ስትዞር የሰነበተችውን ነጭ ፒካፕ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ያውቃታል። «አዲስ ፊልም! የትም ያልታየ! ተዋንያኑ በአካል ይገኛሉ!» እያለች ጆሯችንን ስትበላው የከረመችው። አትሂዱ። የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለእናንተ አዲስ ነገር የለኝም። የምጽፈው ነገ ከነገ ወዲያ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ላይ በዚያችው ሞንታርቦ ለሚጠሩት ነው። አሁን ከአዳራሹ መግባቴ ነው፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም።

መደበኛ 150፣ ቪአይፒ 300 ብር። እናቴን ይዤ ስለነበር ቪአይፒ ቆረጥኩ፣ 600 ብር። ቪአይፒ የሚባለው ከፊት የተደረደረው የፕላስቲክ ወንበር ነው። መደበኛው ደግሞ ከኋላ የተደረደረው የፕላስቲክ ወንበር ነው።

እናቴ የፊልም ሰው አይደለችም። ሰሞኑን ግን ቤት ውስጥ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አሳየኋት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ ውስጥ ገብቶ ለመታየት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነውን። መንዝ በግ ስትጠብቅ ያደገች ሴት ናትና ያ ኤፍሬም የሚባለው ልጅ ቹኒ የምትባለው በጉ ለበዓል እንዳትታረድበት ሲጨነቅ፣ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ሲወጣ፣ እሷ ከልጁ በላይ ተጨነቀች። «እንዳትነግረኝ፣ ግን በጓ ትተርፋለች?» ትለኛለች በየመሃሉ። ከሰዎቹ ሁሉ በጓ ጥሩ ትሠራለች ብላ ፈረደች፣ እኔም ብዙ አልተቃወምኩም። ቀጥለን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አየን። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደው ነው። 140 ደቂቃ ስለሆነ ትተኛለች ብዬ ነበር፣ ዓይኗን አልከደነችም። አንበርብር ያን ሁሉ ተምሮ፣ ጀርመንን አይቶ እናቱ ቤት ሲመለስና ቃል ሲያጥረው «ተምሮ ይምጣ ብለው የላኩት ልጅ እንዲህ ሆኖ ይመጣል በላ» አለችና ዝም አለች። እኔ ያን ፊልም ተማሪ እያለሁ አይቼው የፖለቲካ ፊልም መስሎኝ ነበር። እሷ አጠገቤ ስትሆን የእናትዬዋ ፊልም ሆነብኝ። ታዲያ እንዲህ የምታይን ሰው አንድ ቀን በትልቅ ስክሪን ላሳያት ብል ምን ክፋት አለው?

የተለመደውን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። 8 ሰዓት ይባላል፣ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ይጀመራል፣ እስከዚያ ሙዚቃ ነው። ያን ብርድ በጋቢ ተከናንበን ተቀመጥን። መድረክ መሪው ብቅ ብሎ «ውድ የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች፣ ተዋንያኖቻችን እየመጡ ነው፣ ጣርማበር ላይ ጉም ይዟቸው ነው» አለን። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት። ሰንዳፋ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ከዚያ እኛ። ጣርማበርና ዋሻው እኛን አልፎ ወደ ደሴ መንገድ ነው። ከኋላ አንዱ «አልፈውን ሄደዋላ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መድረክ መሪው ለምን እንደተሳቀ እንኳን አልገባውም፣ አብሮን ሳቀ።

ፊልሙ ርዕሱ ሳይታይ ከመሃል ነገር ጀመረ። ታሪኩን ብነግራችሁ ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ፦ የሀብታም ልጅ ደሃ መስሎ የደሃ ልጅ ያፈቅራል፣ የልጁ እናት በመነጽሯ በላይ እያየች ትሳደባለች፣ አንድ ዘበኛ ያስቃል። ድምፁ ነፋስ ገብቶበታል። ሲያለቅሱ ፒያኖ፣ ሲስቁ ፒያኖ። ግን እናቴ ተመስጣለች፣ እኔም እሷን እያየሁ ደስ ብሎኛል።

ልጅቷ ከቤት ተባርራ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ቆማለች። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው። ልጁ እየሮጠ ነው። ካሜራው ፊቷን አቀረበው፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ደረሰ፣ ከንፈሯን ከፈተች፣ እና ስክሪኑን ሙሉ የሚስቅ ሕፃን ሞላው። ወፍራም፣ ጥርስ ያላወጣ፣ ዳይፐር ያደረገ። ሙዚቃው ተቀየረ።

«ውይ! መቼ ወለደች?» አለች እናቴ።

ማንም አልሳቀም፤ ነገሩ ለሁላችንም እየገባን ነበር። ከስክሪኑ ጥግ የማውስ ቀስት ብቅ አለች። ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ወረደች፣ «ስኪፕ» የሚለውን አልፋው ሄደች፣ ተመለሰች፣ 5 ሰከንዱ እስኪያልቅ ጠብቃ ተጫነች። የተጫነችው ግን ሌላ ነገር ኖሮ ፊልሙ ተጨመቀና ገጹ በሙሉ ተከፈተ፤ በጎን የፆም ኬክ አሠራርና የእግር ኳስ ጎሎች ተደርድረው፣ ከሥሩ የፊልሙ ትክክለኛ ርዕስ። ፖስተሩ ላይ ካለው ርዕስ ጋር አንድ ፊደል እንኳን አይገናኝም። ዩቲዩብ ላይ ከተጫነም ዓመታት አልፈውታል። ደግሞ ይህን ሁሉ እያየን ኔትወርኩ ጠፋና ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። «ካርድ እናዋጣለት!» አለ የቅድሙ ሰውዬ ከኋላ።

ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ብር ተቀባዩ ወፍራም ጃኬት ለብሶ መቶ መቶውን እየደረደረ በላስቲክ ያስራል። ቀና አላለም።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያለ ፊልም ነው።»

«እና?»

«አዲስ ፊልም ብላችሁ ነው የሸጣችሁልን። ብራችንን መልሱልን።»

«ቤትህ ይሄን የሚያክል ስክሪን አለህ?»

«የለኝም።»

«በቃ፣ የከፈልከው ለስክሪኑ ነው።» ላስቲኩን ጠቅልሎ ጨረሰና ለጓደኛው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ብርድ እንጂ ፊልም የት ያውቃሉ እነዚህ። ይሄም በዝቶባቸው ነው» አለው። ጓደኛው ሳቀ። ላፕቶፑን የሚነካው እሱ ነበር።

እናቴ ጋቢዋን እየሰበሰበች ከኋላዬ ደረሰች። ይኸው ሰውዬ እሷን ሲያይ ድምፁን አለስልሶ «እማማ፣ አልተመችዎትም እንዴ ፊልሙ?» አላት። «ኧረ ሕፃኑ ደስ ብሎኛል ልጄ፣ ያሳድግልህ» ብላው ወጣች።

ለ600 ብሩ ብቻ ብሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። «በዝቶባቸው ነው» ያላት ነገር ናት ያቃጠለችኝ። የቅዳሜ ገበያውን ትቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ከነቤተሰቡ የመጣ ሰው ነው እኮ የሞላው። ግማሹ ደግሞ አልወጣም፤ ከፍያለሁ ብሎ ክቧ መዞሯን እስክታቆም እየጠበቀ ነበር። አልፈርድበትም።

ይዣቸው ልሂድ ብልስ ምን ይዤ? ትኬቱን አሁን እያየሁት ነው። ፎቶ ኮፒ ነው፣ «1 ሰው» ይላል፣ ስም የለው፣ ስልክ የለው፣ ማኅተም የለው። አሳሳች ማስታወቂያ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። የሰው ፊልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ ማሳየትም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አይቻልም። የፊልሙ ባለቤቶች ይህን የማያውቁ ከሆነ አብረን ነው የተዘረፍነው።

እና ደብረ ሲናዎች፣ ሸዋ ሮቢቶች፦ ፖስተሩ ላይ ያለውን ርዕስ ዩቲዩብ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ቀይረውታል። የተዋንያኑን ስም ጻፉና ፎቷቸውን አስተያዩ። ደረሰኝ ጠይቁ፤ «ደረሰኝ ምን ያደርግልሃል» ካሏችሁ ዞር በሉ። ርዕሱን መቀየራቸው አይቀርም፣ ፒካፗን ግን የሚቀይሩ አይመስለኝም፤ የግራ መብራቷ ተሰብሮ በፕላስተር ተለጥፏል።